ማንም በማያውቅህ ከተማ

ካምፓላ ያላችሁ፣ ራቅ ብላችሁ በናኪቫሌ የስደተኞች ሰፈራ የምታዳምጡን፣ ሥራ ላይ ሆናችሁ ራዲዮናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የከፈታችሁ ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ግብረ ገብ ነው። ቆዩ፣ ጣቢያ አትቀይሩ! ግብረ ገብ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አርጩሜ የያዘ መምህር እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን የምጀምረው ከታክሲ ወንበር ነው።

ባለፈው ሰሞን ከመሃል ከተማ በጋባ መንገድ ወደ ካንሳንጋ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሬ ነበር። ሒሳቡ 2,500 ሺሊንግ ነበር። እኔ 5,000 ሰጠሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትም 5,000 ሰጠች። ረዳቱ ኪሱን ዳበሰ ዳበሰና ዝርዝር ሲያጣ አንዱን ባለ 5,000 መልሶ ለሴትዮዋ አቀበላት፤ በጣቱም እኔን አሳያት። ለሁለታችሁ ነው ማለቱ ነው። አዲስ አበባም የምናውቀው ነገር ነው። ረዳት ዝርዝር ሲያጥረው የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ ብር አጋብቶ ዘወር ይላል።

እኔ እሷን አላውቃት፣ እሷ እኔን አታውቀኝ። የእኔ ሉጋንዳ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። ብሩ ያለው በእሷ እጅ ነው። ጥቂት እንደሄድን «ማሶ አዎ!» አለች። የአማርኛ ጆሮ «አዎ» የሚለውን ሲሰማ መስማማት ይቃጣዋል፤ ነገሩ ግን «እዚያ ፊት ለፊት አውርዱኝ» ማለት ነው። ታክሲው ቆመ። ወረደች። ብሩን እንደያዘች ወደ መንገዱ ዳር ሄደች።

ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? «በቃ፣ በላችኝ» አልኩ በልቤ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ንዴቱ ግን ትንሽ አልነበረም።

ለካ ሴትዮዋ የሄደችው ካባላጋላ ወደምትጠብስ ልጅ ነው። ካባላጋላን ሰፈሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከሙዝና ከካሳቫ ዱቄት ተለውሶ የሚጠበሰውም ነገር ስሙ ያው ነው። አንድ ገዛች፣ ብሩን አስመነዘረች፣ ከዚያ ረዳቱ እየጮኸባት፣ ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋባት ተመልሳ መጣችና 2,500 ሺሊንጌን በመስኮት እጄ ላይ አስቀመጠች። «ዌባሌ» ብዬ ሳመሰግናት አልሰማችኝም፤ ጀርባዋን ሰጥታ እየሄደች ነበር።

ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አንዲትን ሴት በልቤ ከስሼ፣ መስክሬና ፈርጄ ጨርሻለሁ። ዛሬ ስለ ግብረ ገብ የሚያወራችሁ ሰው እንዲህ ያለ መሆኑን አስቀድማችሁ እወቁት።

ሴትዮዋን ምን መለሳት? ኅሊናዋ ነው ትሉኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ታክሲው ውስጥ ከሁለታችን ሌላ አሥራ ሁለት ተሳፋሪ ነበረ። ረዳቱ አይቷል፤ ሹፌሩም በመስታወት አይቷል። ምናልባት በዚያ መስመር በየቀኑ የምትመላለስ ናት። እንግዲህ የመለሳት የውስጥ ዓይን ነው ወይስ የሰው ዓይን?

እኛ ለሰው ዓይን የራሱ ቃል አለን፤ ይሉኝታ። ቃሉን ስትፈቱት ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይወጣዋል፤ «ይሉኛል» የሚል። ማን ነው የሚለው? አይናገርም። ምን ይላል? እሱንም አይናገርም። ስም የሌለው ብዙ ሰው ከኋላችን ቆሞ የሆነ ነገር ሊለን ነው፤ በቃ። ይሉኝታ በዘመናችን ብዙ ይወቀሳል። «በይሉኝታ ታስሬ እምቢ ማለት አቃተኝ፣ በይሉኝታ ተበድሬ ደገስኩ» የማይል የለም። እውነት ነው። ግን ደግሞ ሰውን ክፉኛ ስንሰድብ ምን እንላለን? «ይሉኝታ ቢስ!» ሲያስረን እናማርራለን፣ የሌለውን ሰው ስናይ ደግሞ እንደነግጣለን።

ይሉኝታ የሚሠራው ታዲያ የሚሉት ሰዎች ካሉ ነው። ደሴ ወይም ደብረ ማርቆስ ወይም ኮልፌ ያደገ ልጅ የእገሌ ልጅ ነው። ሲጋራ ሲያጨስ የታየ እንደሆነ እሱ ቤት ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል። ያው ልጅ ካምፓላ ሲገባ የማንም ልጅ አይደለም። ወደ ሌላ አገር የመሄጃ ጉዳዩን ከፍቶ የሚጠብቅ፣ ነገ ካናዳ ይሁን አውስትራሊያ ይሂድ የማያውቅ፣ የሚከራይበትን ክፍል እንኳ ቤቴ ብሎ የማይጠራ ሰው ነው። ነገ የማይኖርበት ከተማ ውስጥ ዛሬ ለምን ዕዳ ይከፍላል?

ይህን በክፋት አይደለም የምጠይቀው። አንድ ነገር እናስብ። ሃያ ሰዎች በወር 200,000 ሺሊንግ የሚጥሉበት እቁብ አለ። የመጀመሪያው ዕጣ ለአንድ ልጅ ወጣ፤ አራት ሚሊዮን ሺሊንግ ወሰደ። ሁለተኛው ወር ሳይደርስ ስልኩ ጮኸ፤ ስንት ዓመት የጠበቀው በረራ ደረሰ፣ ሐሙስ ይነሣል። 3,800,000 ሺሊንግ ይቀርበታል። ዋስ የሆነው ጓደኛው እዚሁ ነው፤ እሱ ገና ይጠብቃል። በድሮ ጊዜ ርቀት ሰበብ ይሆን ነበር። ዛሬ አይሆንም። ኤምቲኤን እዚህ አገር በስልክ ገንዘብ መላክን በ2009 ካስጀመረ ወዲህ ገንዘብ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስልክ ላይ ይገባል፤ ከባሕር ማዶም እንዲሁ። ልጁ ካናዳ ገብቶ ቢልክ ማንም አያጨበጭብለትም። ባይልክም ማንም አያገኘውም። (ዓመቶቹን በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የእኛን ስጠራ እነግራችኋለሁ።)

የማይታወቅን ሰው ማን ይጠይቀዋል ለሚለው ጥያቄ የካምፓላ ሰው የሰጠው መልስ ቦዳ ቦዳ በሚባለው የሞተር ታክሲ ላይ ይታያል። ስሙ የመጣው ከድንበር ነው ይባላል፤ በኡጋንዳና በኬንያ መካከል ሰውን በብስክሌት የሚያሻግሩ ልጆች «ከቦርደር ቦርደር» እያሉ ሲጣሩ። ዛሬ ነባር የከተማው ሰው ምን ብሎ ይመክራችኋል? «ከስቴጅ ያዝ።» በቋሚ ማቆሚያው፣ በስቴጅ፣ የሚቆም ሞተረኛ ሊቀመንበር አለው፣ ጓደኞቹ ስሙን ያውቃሉ፣ ዕቃ ረስተህ ብትወርድ ተመልሰህ የምትጠይቅበት ቦታ አለ። እየዞረ የሚጭነው ልጅ ከስቴጁ ልጅ የከፋ ሰው ሆኖ አይደለም። የሚጠይቀው ስለሌለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። እድርን ብዙዎቻችን ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው የገጠር ሥርዓት ይመስለናል። መረዳዳቱና ለቅሶ መድረሱ በእርግጥ ጥንታዊ ነው። መዝገብ ያለው፣ መዋጮ ያለው፣ ዳኛና ጸሐፊ ያለው እድር ግን የከተማ ልጅ ነው። ያጠኑት ሰዎች እንደሚሉት ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ከየገጠሩ ወደ አዲስ አበባ የገቡ ሰዎች፣ በተለይ ጉራጌዎች፣ የመሠረቱት ነገር ነው፤ በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ ተስፋፋ። እስቲ አስቡት፤ የሠሩት ሰዎች እንደኛው እንግዶች ነበሩ! ማንም በማያውቃቸው ከተማ ውስጥ ቢሞቱ ማን እንደሚቀብራቸው ሲጨነቁ፣ የሚያውቃቸውን ሰው ራሳቸው ፈጠሩ። ድንኳን ገዙ፣ ጎላ ድስት ገዙ፣ ጥሩምባ ነፊ ቀጠሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀብር ላይ ስም መጥራት ጀመሩ። የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱ ትንሽ ብር ነው፤ ግን አንድ ሰው ስምህን ይጠራል፣ አንተም «አቤት» ትላለህ። እድር ማለት ለእኔ ይሄው ነው፤ ይሉኝታን በመዋጮ መግዛት።

ሉጋንዳ ተናጋሪዎቹን ባጋንዳንም ያው ጭንቀት ያው ነገር አስፈጥሯቸዋል። «ሙኖ ሙካቢ» የሚሏቸው ማኅበራት አሏቸው፤ በችግር ጊዜ ያለ ወዳጅ እንደማለት ነው። ሰው ሲሞት ያዋጣሉ፣ ድስትና ሳህን ያመጣሉ፣ ምግብ ያበስላሉ። ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ አንኮሌና ወደ ኪጌዚ ኮረብታዎች ስትሄዱ ደግሞ «ኤንጎዚ» ይባላሉ፤ ቃሬዛ ማለት ነው። መኪና በማይገባበት ኮረብታ በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ማኅበር ነው፣ ቃሬዛውን የማይሸከም አባል ደግሞ ተራው ሲደርስ የሚሸከመው አያገኝም።

ጥሩምባ ነፊያቸው ማን ነው ብትሉ ራዲዮ ነው። የሉጋንዳ ጣቢያ ስትከፍቱ «ኤቢራንጎ» የሚባለውን ማስታወቂያ ሰምታችሁ ይሆናል፤ የሟች ስም፣ የልጆችና የዘመዶች ስም፣ ቀብሩ በየትኛው መንደር በስንት ሰዓት እንደሆነ ይነበባል። እኔ ቋንቋው ሳይገባኝ ድምፁን ብቻ ሰምቼ ለቅሶ መሆኑን አውቅ ነበር። ለቅሶ የደረሰ ሰው ደግሞ «አማቡጎ» ይሰጣል። ቃሉ የመጣው ከዛፍ ልጥ ከሚሠራው ጨርቅ ነው። «ሙቱባ» ከሚባለው ዛፍ ላይ ልጡ ይገፈፍና በእንጨት መዶሻ ተቀጥቅጦ እንደ ቡናማ ሸማ ይለሰልሳል። ይህ ጥበብ በ2008 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ድሮ ለቅሶ የመጣ ሁሉ ለመገነዣ የሚሆን የልጥ ጨርቅ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ይዞ የሚመጣው ገንዘብ ነው፣ ስሙ ግን አልተለወጠም። የሰጠው ሰው ስምም ከነገንዘቡ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ቋንቋቸው ለመልካም ሰውነት ያለው ቃል «ኦቡንቱቡላሙ» ነው። «ኦሙንቱ» ሰው ነው፣ «ኦቡላሙ» ሕይወት ነው፣ ጤንነት ነው። የእኛ ሰውም አንድን ሰው ከልቡ ሲያመሰግን ብዙ ቅጽል አይደረድርም፤ «እሷ እኮ ሰው ናት» ይላል፣ ያልቃል። ኦቡንቱቡላሙ በትልቁ ከሚታይባቸው ትንንሽ ነገሮች አንዱ ሰላምታቸው ነው። እየሠራ ያለ ሰው አጠገብ ስታልፉ «ጄባሌኮ ሴቦ» ትላላችሁ፤ ሴት ከሆነች «ጄባሌኮ ኛቦ»። እኛ በዚህ ቦታ «በርቱ» እንላለን፣ ማበረታታት ነው። የእነሱ ግን ምስጋና ነው። ለእናንተ ምንም ያልሠራን፣ የራሱን ጉድጓድ የሚቆፍርን የማታውቁትን ሰው ስለ ሥራው ታመሰግናላችሁ። እዚህ አገር ዓመታት ኖረን ይህቺን አንዲት ቃል ሳንማር የምንሄድ ስንት ነን?

ከይሉኝታ ጎን የቆመ ሌላ ቃላችን አደራ ነው። ይሉኝታ ሰው እያየ ይሠራል። አደራ የሚፈተነው ባለቤቱ ዘወር ካለ በኋላ ነው።

ይህ ከተማ ስለ አደራ ብዙ ያውቃል። ነሐሴ 1972 ኢዲ አሚን የእስያ ተወላጆች በ90 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። እንግዲህ ዛሬ በካምፓላ መንገድ ግራና ቀኝ የምታዩዋቸው ብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ባለቤቶቻቸው ሻንጣ ይዘው የወጡባቸው ናቸው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሱቁን፣ ቤቱን፣ ፋብሪካውን ትቶ ሄደ። ቀጥሎ መንግሥት አንድ ቦርድ አቋቋመ። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የሄዱ እስያውያን ንብረት አደራ ጠባቂ ቦርድ» ይሆናል። አደራ ጠባቂ! ሱቆቹ ግን ለወታደሮችና ለባለጊዜ ወዳጆች ተከፋፈሉ፤ ያለ ልፋት በአንድ ሌሊት ባለጸጋ ለሆኑት ሕዝቡ «ማፉታ ሚንጊ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ በስዋሂሊ ብዙ ቅባት ማለት ነው። ቅባቱ ግን ቶሎ ነጠፈ። ሱቁን የወሰደው ሰው ዕቃውን ከየት እንደሚያመጣ አያውቅም ነበርና መደርደሪያዎቹ ባዶ ቀሩ። በ1982 ንብረቱን ለመመለስ ሕግ ወጣ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብዙው ተመለሰ። የቀረው ክርክር ግን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ፓርላማ ገብቶ ይወጣ ነበር። የማይመለስ አደራ ስንት ትውልድ እንደሚያባላ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም።

ራሳችንንም እንመልከት። በእኛ አቆጣጠር በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ፣ ከኢትዮጵያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ትውልደ ኤርትራውያን በአውቶቡስ ተጭነው ወጡ፤ ከዚያኛውም ወገን ኢትዮጵያውያን ተባረሩ። ሌሊት በሩ የተንኳኳበት ሰው ቁልፉን ለማን ሰጠ? ለጎረቤቱ። «አደራ» ብሎ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ጎረቤት ኪራዩን በስሙ እየሰበሰበ አስቀመጠ፣ ሌላው ግድግዳውን ቀለም ቀባና የራሱ አደረገው። በእኛው አቆጣጠር በ2010 ሐምሌ በሁለቱ አገሮች መካከል በረራው ሲከፈት ሁለቱም ዓይነት ጎረቤት በሩ ተንኳኳ። ይህን የማወራላችሁ በሩቅ ታሪክነቱ አይደለም። ካንሳንጋና ካባላጋላ ውስጥ ሁለታችንም ጎን ለጎን እየኖርን ነው፤ ቁልፉን የሰጠውም የተቀበለውም ልጆች አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ጥብስ ያዝዛሉ።

በትልቁም በትንሹም አደራ አደራ ነው። በ2023 ለኡጋንዳዋ ካራሞጃ ድሆች የተገዛ የጣራ ቆርቆሮ ወደ ባለሥልጣናት ግቢ መሄዱ ተደርሶበት ሦስት ሚኒስትሮች ፍርድ ቤት ሲቆሙ ካምፓላ ለወራት ሌላ ወሬ አልነበራትም። አገሪቱ በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ሥር የስነ ምግባር መሥሪያ ቤት አላት፣ ሚኒስትርም ተሹሞለታል። እኛም በጃንሆይ ዘመን ግብረ ገብ በትምህርት ቤት እንማር ነበር፣ በደርግ ጊዜ በፖለቲካ ተተካ፣ ቀጥሎ ስነ ዜጋና ስነ ምግባር ሆነ፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ ለታችኛው ክፍል ልጆች ተመልሷል። መማሩ መልካም ነው። ግን ልጅ ከመጽሐፉ ይልቅ አባቱ ለቤት አከራዩ በስልክ ምን ብሎ እንደሚዋሽ ነው የሚያጠናው።

እስካሁን የሰውን ዓይን ሳሞካሽ ቆየሁ። ክፉ ጎኑን ልናገር።

በካምፓላ ጎዳና «ሙቢ!» የሚል ጩኸት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሌባ ማለት ነው። ጩኸቱ ከተነሣ በኋላ የሚሆነውን መግለጽ አልፈልግም። የኡጋንዳ ፖሊስ በየዓመቱ በሚያወጣው የወንጀል ዘገባ ውስጥ በሕዝብ ድብደባ የሞቱ ሰዎች ራሳቸውን የቻሉ ረድፍ አላቸው፤ ቁጥራቸው በመቶዎች ነው። እኛም አገር ይህ አለ። በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2010 ሻሸመኔ ላይ ቦምብ ይዟል ተብሎ በሐሰት የተጠረጠረ ሰው በአደባባይ ተገደለ፤ ቦምብ አልነበረም። ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጋዜጠኞቻችን ያወጡለት ስም «የደቦ ፍርድ» ነው። ስሙ ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል። ደቦ እኮ የድሃ ጎረቤትን እህል በአንድ ቀን አጭዶ የሚያስገባው ነው! ባጋንዳም ደቦ አላቸው፤ «ቡሉንጊ ብዋንሲ» ይሉታል፣ ለአገር መልካም የሚሆን ሥራ፤ መንገድ ይጠርጋሉ፣ ምንጭ ያጸዳሉ። እጁ ያው እጅ ነው። ታክሲው ውስጥ እኔ በልቤ «በላችኝ» ብዬ ፈረድኩ፤ ጮክ ብዬ ብናገረው ኖሮስ? አሥራ ሁለት ሰው ነበረ ብያችኋለሁ።

የሰው ዓይን የማያይበትም ቦታ አለ። እድራችን ውስጥ ስሙ የተመዘገበ ሰው ቢበደል እንነሣለን። በየቤታችን የምትሠራው ልጅ ግን መዝገባችን ውስጥ የለችም። ገንዘብ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት፤ ደመወዟ «ነገ፣ ነገ» እየተባለ ወር ሲያልፍ ጎረቤት ያያል፣ ግን የሐበሻ ገበና ነውና ዝም ይላል። ለወገናችን ሳንቲም ሳናጎድል የምንከፍል ሰዎች ለእሷ እናጎድላለን። ኡጋንዳ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ የተቀበለች አገር ናት፤ በ2006 ያወጣችው ሕግ እንድንሠራና እንድንዘዋወር ይፈቅድልናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከፖላንድ የመጡ ስደተኞችን ሳይቀር ማሲንዲ አጠገብ አስፍራለች። ይህን ሁሉ ያደረገችው አገር ልጅ ናት እንግዲህ ወጥ ቤታችን ውስጥ ያለችው።

የወገናችን ክበብ ሲሳሳት ክበቡን የሚቃወም ሰውም ያስፈልጋል። ካምፓላ ኖሮ ኦዊኖ ገበያ ያልገባ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም፤ የሰልባጅ ባሕር ነው። ዋና ስሙ ግን የቅዱስ ባሊኩዴምቤ ገበያ ነው። ዮሴፍ ሙካሳ ባሊኩዴምቤ በቡጋንዳ ንጉሥ በካባካ ምዋንጋ ቤተ መንግሥት የብላቴኖቹ አለቃ የነበረ ሰው ነው። በጥቅምት 1885 ካባካው ጄምስ ሃኒንግተን የተባለውን ጳጳስ በቡሶጋ ሲያስገድል ቤተ መንግሥቱ ሁሉ ዝም አለ፤ ሙካሳ ግን ንጉሡን ፊት ለፊት ወቀሰው። ጳጳሱ አንግሊካን ነው፣ ሙካሳ ካቶሊክ፤ በዚያ ዘመን ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ አይዋደዱም ነበር። የተናገረው ለራሱ ወገን አልነበረም። ኅዳር 15 ቀን በናኪቩቦ አንገቱን ቀልተው አቃጠሉት፣ ገበያው ካለበት እምብዛም በማይርቅ ቦታ። በ1964 ከሌሎች ሃያ አንድ የኡጋንዳ ሰማዕታት ጋር ቅዱስ ተባለ። ዛሬ በስሙ በሚጠራው ቦታ ሻጩ «የመጨረሻ ዋጋዬ ይሄ ነው» ሲለኝ ከአምስት ጊዜ በላይ እንደሚዋሸኝ እያወቅሁ እስቃለሁ። እኔም «ብር የለኝም» እያልኩ እየዋሸሁት ነው።

ሰዓቴ እያለቀ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንገናኛለን፤ እስከዚያው ስለዚያ የእቁብ ልጅና ስለ ዋሱ አስቡልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁና ልሰናበት።

ጎረቤቴ ቤት ለአራት ዓመት የሠራች ልጅ አባቷ ሞቱ። ከማሳካ መንገድ ገባ ብሎ ያለ መንደር ነው። ጎረቤቴ፣ ከእሷ ጋር በአንድ እድር ያለች አንዲት እናት፣ እኔና ሹፌሩ ሆነን ሄድን። በሙዝ ተክሉ መካከል ድንኳን ተተክሏል፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ ከመግቢያው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሽማግሌ መዝገብ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ አማቡጎዋን ሰጠች። ሽማግሌው ስሟን ጠየቋት። ነገረቻቸው። ደግማ ነገረቻቸው። ሦስተኛ ጊዜ ስትነግራቸው ሳቁና እስክሪብቶውን ለእሷ ሰጧት፤ እሷም በለመደችው ፊደል ጻፈችው። ከሉጋንዳ ስሞች መካከል አንድ መስመር በአማርኛ።

ቆየት ብሎ አንድ ወጣት መዝገቡን በድምፅ ማጉያ ማንበብ ጀመረ፤ ስም፣ ገንዘብ፣ ስም፣ ገንዘብ። እኛ መስመር ላይ ሲደርስ ዝም አለ። መዝገቡን ወደ ዓይኑ አቀረበው፣ አዘነበለው። ከዚያ ቀና ብሎ በሕዝቡ መካከል በዓይኑ ፈለገንና በጣቱ አመለከተን፤ «እነዚያ፣ እዚያ የተቀመጡት» አለ።